የኦቦ ኤጄታ እንግዳ

ሰኞ ጠዋት በአምቦ ዳርቻ ባለው የድንጋይ ካባ ሥር የወጣቱን አስከሬን ያገኘው ጠራቢው ብዙነህ ነው። ወዲያው ሸራ አለበሰውና ማንንም ሳያስጠጋ ፖሊስ ጠራ። ጊዜው የ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ነበር።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሃዋኒ ሸራውን ገለጥ አድርጋ ብዙ ቆየች። ሟቹ ቀይ ጃኬት ለብሷል፤ ቦርሳው ጀርባው ላይ ነው። ጥፍሮቹ ውስጥ ጭቃ ገብቷል። ከወደቀበት ወደ መውጫው በደረቱ የተሳበበት ፈለግ መሬቱ ላይ ይታያል።

«ወዲያው አልሞተም» አላት የጤና መኮንኑ። «እግሩ ተሰብሮ ብዙ ደም ፈሶታል። ሰው ደርሶለት ቢሆን ይተርፍ ነበር።»

ሟቹ ሚልኬሳ የሚባል የጌዶ ልጅ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የአየር መንገድ ኦፕሬሽን ማኔጅመንት ይማር ነበር። ለእረፍት ወደ እናቱ ሲሄድ አምቦ ላይ የወረደው የክፍል ጓደኛውን ቀንዓን ሊጠይቅ ነው። ያረፈውም በቀንዓ አባት በኦቦ ኤጄታ ቤት ነበር።

ኦቦ ኤጄታ በጡረታ የተገለሉ ርዕሰ መምህርና የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ናቸው። ሃዋኒን በረንዳቸው ላይ ተቀበሏት።

«እሁድ ቁርስ ከበላን በኋላ ከተማውን ልይ ብሎ ወጣ» አሏት። «እዚሁ ቆሜ፣ ጃኬቱን ለብሶ ወደ ካባው ሲወርድ አየሁት። ምነው ያኔ በጠራሁት ኖሮ!»

«በአምልኮው ላይ ስለ ትምህርቱ ሊናገር ነበር አሉ?»

«አዎ፣ ለወጣቶቹ። ልጄም አብሮት ይማር የለ! ምእመኑ ጠብቆ ጠብቆ ቀረ።»

ልጃቸው ቢሊሴ ነርስ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ጉሙ የሚገርም ነበር» አለች። «ሚልኬሳ እየሳቀ፣ ‹ዛሬ ተረኛው እኔ ብሆን አንድም አውሮፕላን አላስነሳም፤ አጥራችሁ እንኳ አይታይም› አለኝ። ሥራቸው እኮ እሱ ነው፤ በረራውን መሬት ላይ ሆነው ያቅዳሉ፣ አየሩ ከከፋ ያግዳሉ።»

«ሲወጣ ምን ለብሶ ነበር?»

«ሸሚዝ ብቻ። እስከ ውጭው በር ሸኝቼው ‹ይበርድሃል› ስለው፣ ‹ጃኬቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ሲበርደኝ አወጣዋለሁ› አለኝ። ወዲያው ጉሙ ዋጠው።»

ቀንዓ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሃዋኒ ስትገባ ቀና አላለም። ምንም ሳትጠይቀው ጀመረ።

«እኔ ተማሪ አይደለሁም። ተባርሬያለሁ። የበረራ ዕቅድ ፈተና ላይ ከሚልኬሳ ወረቀት ስኮርጅ ተያዝኩ።»

«ማን ያውቃል?»

«አባዬ። እንደመጣሁ ነገርኩት። ‹እንዳትተነፍስ› አለኝ። ከዚያ ጸሎት ቤት ቆሞ ‹ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ› ብሎ አስጨበጨበልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው መንገድ ላይ ‹ማናጀር› ይለኛል፤ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።»

«እሁድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሰው ፊት መውጣት አልቻልኩም። ምስክር ግን የለኝም።»

ሃዋኒ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ጣቢያ ያሉት ባልደረቦቼ ቀንዓ ከኮሌጅ መባረሩን ሲሰሙ እሱን ያዢው ማለታቸው አይቀርም» አለች። «ምስጢሩ እንዳይወጣ ገደለው ይላሉ። ምስጢሩን ለመደበቅ ሰው የገደለ ግን ሳልጠይቀው አውጥቶ አይነግረኝም። ምስጢሩ እንዳይወጣ የሚፈራው ሌላ ሰው ነው።»

ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች።

«ሚልኬሳ ከዚህ ግቢ የወጣው በሸሚዝ ነው። ጃኬቱን የለበሰው ጉሙ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። አስከሬኑን ደግሞ ከእናንተ ያየው የለም። እንግዲህ ጃኬቱን መልበሱን የሚያውቅ ሰው መንገድ ላይ አጠገቡ ነበር።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ኦቦ ኤጄታ፣ አጥሩ በማይታይበት ጉም፣ ከበረንዳ ላይ ሆነው እንዴት አዩት?»

ኦቦ ኤጄታ የካፖርታቸውን ቁልፍ ፈቱ፤ መልሰው ቆለፉ።

«ልለምነው ነው የተከተልኩት» አሉ በመጨረሻ። «‹ቀንዓ አንደኛ ነው በልልኝ› አልኩት። ‹ዝም ልልዎ እችላለሁ እንጂ ጸሎት ቤት ቆሜ አልዋሽም› አለኝ። ሰው ሲጠይቀው ዝም ካለ ያው መዋረዴ ነው። ክንዱን ያዝኩት። ሊያልፈኝ ሲል ካባው አፋፍ ላይ ገፋሁት። ድንጋዩ ርጥብ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ጠራኝ።» ድምፃቸው አነሰ። «በስሜ ጠራኝ፤ ደጋግሞ። ብመልስለት ለምን እንደተጣላን ይናገራል ብዬ ሄድኩ። ምእመኑ ፊት ቆሜ ጸሎቱን መራሁ።»

«እኔ እኮ ቤት ነበርኩ!» ቢሊሴ ጮኸች። «ነርስ አይደለሁም ወይ? እዚህ፣ ቤት ነበርኩ እኮ አባዬ!»

ኦቦ ኤጄታ ልጃቸውን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። ደጅ የቆዩት ፖሊሶች ይዘዋቸው ሲወጡ ጎረቤቱ አጥር ላይ ተደርድሮ ነበር። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ ቀንዓ ከአስከሬኑ ጋር ጌዶ ወረደ። የሚልኬሳ እናት ወይዘሮ ጉዴ ከለቀስተኛው መሃል ለይተው አቀፉት።

«ቀንዓ አንተ ነህ? ስምህ ከአፉ አይለይም ነበር። አብራችሁ ነው አይደል የምትጨርሱት?»

«አይደለም፣ እማማ። እኔ ተባርሬያለሁ። ከሱ ስኮርጅ ነው የተያዝኩት። የገደለውም አባቴ ነው።»

የሴትዮዋ እጅ ከትከሻው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሂድ አልልህም» አሉት። «ከቀባሪዎቹ ጋር ሁን። ግን ፊቴ አትቁም።»

ቀንዓ አካፋ ተቀብሎ ወደ ጉድጓዱ ሄደ።