ቁልቁል ያጎነበሰ ጉቶ

ዋና ሳጅን ብርሃነመስቀል አስከሬኑ ሳይነሳ ጉዳዩን ዘግቶ ጠበቃት። ሰው ሞቷል፣ ትራክተር ቆሟል፣ የትራክተሩ ነጂ ጉረኛ ነው። ለሳጅኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ ትርፍ ድካም ነበር።

«አደጋ ነው ኢንስፔክተር» አላት፣ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። «ነጂው ገጭቷቸው ጠፍቶ አደረ። ከቤቱ አንስተን አስረነዋል። እርስዎ ባይለፉም ይቻል ነበር።»

«ለፋሁ እንግዲህ» አለች ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ በዳዳ፤ ዳገቱንም ተያያዘችው።

ሰርክአዲስን ባልደረቦቿ «የምትንቀው ሰው ያልቅባትና ራሷን ትጀምራለች» ይሏታል። አልተሳሳቱም። ምርመራ ላይ የኖረ ሰው ወይ ያዝናል ወይ ይንቃል፤ እሷ ማዘኑ ስላደከማት ንቀቱን መርጣለች።

ቦታው ከየካ ሰፈሮች በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ሟቹ አቶ ሀብተወልድ ሾላ ገበያ እህል ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህ ከአባታቸው የወረሱት ይዞታ ለዓመታት ጦሙን አድሮ፣ አጋምና ቀጋ፣ የባሕር ዛፍ ቡቃያም ሰው እስኪውጥ በቅሎበታል። ልጃቸው ሰርፀ የእንግዳ ማረፊያ ልሥራበት ብሎ፣ ከፊቱ መቁረጫ የተገጠመለት ትንሽ ትራክተር ከነነጂው ተከራይቶ አመጣ። ምንጣሮው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አባትየው ጠዋት ከመቁረጫው ፊት ተዘርግተው ተገኙ። ትራክተሩ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ ደፍቶ እንደቆመ ነበር።

ሰርክአዲስ ጎንበስ አለች። ማጅራታቸው ተፈንክቶ የጋቢያቸው ጥለት በደም ደርቋል። እግራቸውን ምላጩ ቦጫጭቆታል፤ ከዚያ ሁሉ ቁስል የወጣው ደም ግን አንድ ስኒ አይሞላም።

«ሳጅን፣ መቁረጫው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሏል?»

«ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም።»

«ወደ ምላጩ የተዘረጋውስ እግራቸው ነው። ታዲያ ማጅራታቸውን ያገኛቸው ዘሎ ነው?»

ሳጅኑ ይህን አላሰበበትም። ደግነቱ አለማሰብ አሳፍሮት አያውቅም። «ጎረቤት ሁሉ ሊመሽ ሲል የሞተር ድምፅ ሰምቷል» አለ እንጂ።

እሷ ግን ትታው የተቆረጡትን ጉቶዎች በጣቷ ትዳስስ ነበር። መቁረጫው ከፊት ስለሆነ ቡቃያውን መጀመሪያ ይገፋዋል፣ ከዚያ ይቆርጠዋል፤ ጉቶውም በተገፋበት በኩል አጎንብሶ ይቀራል። መስመር በመስመር እያየች ወጣች። ሁሉም ጉቶ ወደ ዳገቱ አጎንብሷል። አስከሬኑ ያለበት የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። እዚያ ያሉት ወደ ቁልቁለቱ አጎንብሰዋል። ይኸው መስመር ደግሞ አንድ ትልቅ የአጋም ቁጥቋጦ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አልፎታል። እጇን አራገፈች።

ልጁ ሰርፀ ነጭ ጫማው አፈር እንዳይነካው ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ መጣ። ስትጨብጠው መዳፉ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ።

«ሳይቱ ኦልሞስት ክሊር ሆኖ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ፕሮጀክቱ…»

«አባትህ ነው የሞተው ወይስ ፕሮጀክትህ?»

ፊቱ ቀላ። ማታ አያት ሰፈር ጓደኞቹ ጋ እንደነበረ፣ አባቱ ብቻቸውን ሊመሽ ሲል ወደ ምንጣሮው እንደወጡ ተናገረ።

«የትራክተሩ ቁልፍ የት ያድራል?»

«ወንበሩ ሥር። ሁላችንም እናውቃለን። ጉዲሳ መጀመሪያ ቀን ሾው ሊያደርግ ሁላችንንም አስነድቶናል። ጎረቤታችን ጋሽ ሕሩይ ራሳቸው ነድተዋል፤ ቪዲዮ አለኝ።»

ቪዲዮውን አሳያት። ጉዲሳ የተባለው ነጂ ከትራክተሩ አጠገብ ቆሞ ደረቱን እየደቃ «ሽቅብ በሉኝ፣ ቁልቁል በሉኝ፣ ለእኔ አስፋልት ነው!» ይላል። ተሰብሳቢው ያጨበጭባል። ሰርክአዲስ ራስ ሳይጠና ጉተና ብላ ስልኩን መለሰችለት፤ ለማን እንዳለችው ሰርፀ አልገባውም።

የሟች ሚስት ወይዘሮ ወርቅአየሁ እህል ሲሰፍር የኖረ ሻካራ እጇን ሰጠቻት፤ መልቀቅም አቃታት። እንባዋ እውነተኛ ነበርና ሰርክአዲስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለምን ወጡ ማታ?»

«ድንጋዩን ብሎ ነው። የድንበሩን ድንጋይ። ታችኛው መንገዱ ዳር አለ፤ ላይኛውን ቁጥቋጦ ውጦት ስንት ዓመታችን! ‹ነገ ይገለጣል፣ የአባቴን ድንበር አያለሁ› ሲል ነበር የሰነበተው።»

«ከማን ጋር ያዋስናችኋል?»

«ከጋሽ ሕሩይ ጋር። እሳቸው እንኳን ድንበር ሊነኩ፣ የሰፈሩን የድንበር ጠብ ሁሉ ሳሎናቸው አስቀምጠው የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። አሁንም ድንኳኑን የሚያስተክሉልኝ እሳቸው ናቸው።»

አቶ ሕሩይ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ ጣታቸው ድረስ ተከናንበው፣ ወንበር ይምጣ፣ ሸራው ይወጠር እያሉ ሰው ያዝዙ ነበር። ሰርክአዲስ እጇን ስትዘረጋ ከጋቢው ሥር የእጃቸውን አንጓ ብቻ አወጡላት።

«እጄ ንጹሕ አይደለም፣ ልጄ።»

ሲበሉም ሲታጠቡም አልነበረም። አንጓቸውን ጨበጠች።

«ያዩት ነገር አለ ይባላል።»

«በዓይኔ በብረቱ! በረንዳዬ ላይ ቆሜ ነበር። ሊመሽ ሲል ያ ባለጌ ትራክተሩን ከላይ ቁልቁል እያስጋለበ፣ እየቆረጠ ወረደ። ሀብተወልድ ከፊቱ ዞር ያለለት መሰለኝ። ለካ ወንድሜን ጨርሶታል!» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጥለት ጠረጉ። «ፍርዱ እንዳይዘገይ፣ ልጄ። ሐዘንተኛ ይረጋጋል።»

«ፍርዱ እንዳይዘገይ» የሚል ሰው ሲያጋጥማት ሁልጊዜ ጆሮዋ ይቆማል። አስከሬኑ ከነበረበት ቦታ ላይ ሆና የሕሩይን በረንዳ ፈለገች። የታያት አጋም ብቻ ነበር።

ጉዲሳን ጣቢያ አገኘችው። ቢታሰርም ጉራው አልተወውም።

«እኔ ጉዲሳ ሰው ልገጭ? እኔ እኮ በዚህ ዳገት ሽቅብም ቁልቁልም…»

«ዝም በል። አንተን ወደ እስር ቤት እየገፋህ ያለው ይኸው አፍህ ነው። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ በዚያ ትራክተር ቁልቁል ቆርጠህ ታውቃለህ?»

ጉዲሳ ወደ ሳጅኑ ሰረቅ አድርጎ አየ። ከዚያ አንገቱን ሰብሮ፣ በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ መለሰላት።

«እፈራለሁ። መቁረጫው ከባድ ነው፣ ያለውም ከፊት ነው። ቁልቁል ካዞርኩት የኋላ ጎማው ይነሳል፤ አንዴ ሊገለበጥብኝ ነበር። ሽቅብ ብቻ ነው የምቆርጠው። ከዚያ መቁረጫውን አንስቼ በኋላ ማርሽ እወርዳለሁ። ማታ ማታ ከላይ ካለው ሜዳ ላይ አቁሜው እሄዳለሁ።»

«ይህን ለምን ለሳጅኑ አልተናገርክም?»

«ፈሪ ይለኛላ!»

 በሥራ ዘመኗ ለገንዘብ የታሰረ፣ ለፍቅር የታሰረ አይታለች። ፈሪ ላለመባል የነፍስ ግድያ የሚሸከም ግን የመጀመሪያዋ ነው። ቢሆንም ሞኝነት ወንጀል አይደለም፤ ቢሆን ኖሮማ ለሳጅኑም የእስር ክፍል ባስፈለገ ነበር።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አቶ ሕሩይ መሐል ቆመው ስለ ሟች ደግነት ሲናገሩ ሰው ያለቅሳል። ሰርክአዲስ ጉዲሳን በካቴና ይዛ ስትገባ ማጉረምረም ተነሳ።

«ምን ነውር ነው ይሄ!» አሉ ሕሩይ። «ገዳዩን ሐዘን ቤት ታመጪዋለሽ?»

«ገዳዩ ከእኔ በፊት ደርሷል። ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ ሰርፀ፣ አቶ ሕሩይ፣ እስቲ ወደ ላይ እንውጣ። ሳጅን፣ እርስዎም ይምጡ፤ ይማሩበታል። አንድ ረጅም የድንኳን ገመድም ይያዙ።»

የቀረውም ሐዘንተኛ ተከትሏቸው ወጣ። ምንጣሮው ላይ ስትደርስ የጉዲሳን ካቴና ፈታች።

«አቶ ሀብተወልድ ምላጩ ሲነካቸው ሞተው ነበር። እግራቸው አልደማም። የሞቱት ከኋላ ማጅራታቸውን ተመተው ነው። ትራክተሩ የመጣው በኋላ፣ ነገሩን አደጋ ለማስመሰል ነው። ማነው ያመጣው? ጉቶዎቹን ተመልከቱ። የጉዲሳ መስመሮች በሙሉ ወደ ዳገቱ አጎንብሰዋል። ይህቺ አንዷ ብቻ ወደ ቁልቁለቱ።»

«እና እሱ ቁልቁል አይቆርጥም ያለው ማነው?» አሉ ሕሩይ። «በአፉ ሲፎክር ሁላችንም ሰምተናል!»

«እሱን ነው የምለው። ገዳዩም ሰምቶ አመነው።» ወደ ጉዲሳ ዞረች። «ንገራቸው።»

ጉዲሳ መሬት መሬት እያየ «እፈራለሁ» አለ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ ሳቀ። ሰርክአዲስ ገላመጠችው፤ አቀረቀረ።

«ጉዲሳ ቁልቁል አይቆርጥም። እርስዎ ግን ቁልቁል እየቆረጠ ሲወርድ በዓይንዎ በብረቱ አይቻለሁ ብለውኛል፣ አቶ ሕሩይ። ደግሞስ ከየት ሆነው? በረንዳዎ ከዚህ አይታይም፤ ይህ አጋም ጋርዶታል። ቁልቁል መወረዱን የሚያውቀው የወረደው ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ሽማግሌ… የእድር ዳኛ…»

«አሁን ይህ አጋም ለምን እንደተዘለለ እንይ። ጉዲሳ፣ ቁረጠው። ሽቅብ።»

«ሐዘን ላይ ሞተር?» ብለው ሕሩይ ጮኹ። «ባህል የለም? እኔ አልፈቅድም!»

«ይቆረጥ» አለች ወርቅአየሁ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

ትራክተሩ ተነስቶ አጋሙን እየገፋ፣ እየሰባበረ በላው። ሞተሩ ሲጠፋ ከሥሩ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሽበት የለበሰ የድንበር ድንጋይ ቆሞ ታየ። ሰርክአዲስ የገመዱን ጫፍ ድንጋዩ ላይ አሰረችና ሌላውን ጫፍ ለሳጅኑ ሰጠችው። «ታች መንገዱ ዳር ወዳለው ድንጋይ ይውሰዱት። ቀጥ አድርገው።»

ሳጅኑ ወረደ። በሕሩይ ግቢ በኩል ካልሆነ መንገድ አልነበረም። አጥሩን ዘሎ፣ በኋላ መስኮት ገብቶ፣ በፊት በር ሲወጣ ሰው ሁሉ አየው። ገመዱ ሲወጠር የአቶ ሕሩይን ሳሎን ለሁለት ከፈለው። ግማሹ፣ ያውም የሰፈሩ ሰው ድንበሩን ሊዳኝ የሚቀመጥበት ግማሽ፣ በሀብተወልድ መሬት ላይ ነው።

 አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚባለውን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሲያለቅስ ያጽናናውን ሰው ግን እንዲህ ብሎ ለመጥራት ጊዜ ይፈልጋል።

«እጅዎን ይስጡኝ፣ አቶ ሕሩይ» አለች ሰርክአዲስ።

ሽማግሌው ደንግጠው፣ በልማድ፣ እንደገና አንጓቸውን ዘረጉ።

«መዳፍዎን።»

ጋቢውን ራሷ ገለጠችው። ሁለቱም መዳፎች በእሾህ ተበጣጥሰው፣ አንዳንዱ ቁስል መግል ይዟል። ሬሳ በአጋም መሐል የጎተተ ሰው እጅ ነው።

«ሰርፀ፣ ያንተ እጅ እሾህ ነክቶ አያውቅም፤ ሥራም ነክቶ አያውቅም። ለአንድ ቀን ጠቅሞሃል።»

ሕሩይ መዳፋቸውን መልሰው ጋቢያቸው ሥር ደበቁ። «ነገ ለሰው ሁሉ አሳያለሁ አለኝ» አሉ። «ሦስት አራት ክንድ መሬት ናት፣ ተወኝ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ጀርባውን ሲያዞር ድንጋይ አነሳሁ…»

«ከዚያም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለች ሰርክአዲስ። «ሰው ምን ይለኛል ብለው ሰው ገደሉ። ሊያስሰቅል የሚችል ሐሰት ደግሞ በአንድ ምስኪን ጉረኛ ላይ ጫኑ። ሌባ ብዙ አስሬያለሁ፤ እንደ እርስዎ የናቅሁት የለም።»

ሳጅኑ እያለከለከ ሲመለስ ከጉዲሳ እጅ የተፈታውን ካቴና ሰጠችው። ለሕሩይ አንጓ ልክ ነበር።

ወርቅአየሁ ፊታቸው ቆመች። «ሦስት ቀን ሙሉ አስተዛዘንከኝ» አለቻቸው፤ እስከዚያ ቀን አንተ ብላቸው አታውቅም። «እንባዬን የጠረግሁት አንተ በሰጠኸኝ መሐረብ ነው።» መሐረቡን ከወገቧ አውጥታ እግራቸው ሥር ጣለችው።

ሕዝቡ ሲበተን ጉዲሳ ሁለት ጎረምሶች አግኝቶ «እኔማ ቁልቁልም ቢሆን…» ማለት ጀምሮ ነበር። ሰርክአዲስን ሲያያት አፉን ዘጋ።

ሳጅኑ ገመዱን ሊፈታ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ ሲል ወርቅአየሁ ከለከለችው።

«አትፍታው። የእድሩ ድንኳን ያለ እሱም ይቆማል።»

ገመዱ በዚያ ሳሎን መስኮት ገብቶ በበሩ እንደወጣ፣ እንደተወጠረ ዋለ። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ቆም እያለ ያየው ነበር።