የ«ጣራ ድመቶች» የመጨረሻ ወዳጆች

የሙዚቃ ሸክላ ሻጩ የተገደለው በሚወደው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ፊቱ ወደ ድምፅ ማጉያዎቹ፣ ጀርባው ወደ ጓሮው በር ዞሯል። ማጅራቱ የተመታበት ከባድ የማይክራፎን ማቆሚያ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። ገዳዩ ብረቱን ጥርግ አድርጎታል፤ አንድም የጣት አሻራ አልተረፈም።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ከእሷ የሚያልፈው ደቃቁ ብቻ ነው ለማለት። እሷ ግን ደቃቁም ባያልፋት ትመርጣለች።

ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነበር። ይህ የሱቁ ጓዳ የሦስት ሽማግሌዎች ማኅበር ቤት ነው፤ የሟቹ፣ የአንድ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪምና የአንድ ጡረተኛ የሬዲዮ ጋዜጠኛ። ማኅበሩ የቆመው ለአንድ የሮክ ባንድ ሲባል ነው። «የጣራ ድመቶች» የሚባሉ አራት ወጣቶች በስልሳዎቹ አንድ አልበም አወጡ፣ ሦስት መቶ ሸክላ ሸጡ፣ ከዚያ ተበተኑ። ሽማግሌዎቹን ከጠየቋቸው ግን ከእነሱ የሚስተካከል ባንድ አልተፈጠረም፤ ዓለም ደንቆሮ ሆኖ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ተሰብስበው ያንኑ አልበም እየሰሙ ሃምሳ ዓመት ዓለምን ሲያሙ ኖረዋል። ዛሬም ሐኪሙና ጋዜጠኛው በሰዓታቸው ሲመጡ ወዳጃቸውን ሬሳ ሆኖ አገኙት።

ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ የሰማውን ለመናገር ቸኩሏል።

«ስምንት ሰዓት ተኩል ግድም ልጁ መጣች። ሙዚቃው እንደተከፈተ ነው የተጣሉት። ‹ያንን ቴፕ አቃጥልልሃለሁ!› ብላ እያለቀሰች ስትወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደንበኛ መጣብኝ። የፀጉር ማድረቂያው ሲጮህ ሌላ ነገር ይሰማል?»

ቴፑ የአልበሙ ዋና ቅጂ ነበር፤ በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። የተቀመጠበት መደርደሪያ ባዶውን ቀርቷል። የመርማሪዋ አለቃ ይህን በስልክ ሲሰማ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም።

«ልጅቷን ይዘሻት ነይ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እስከ ነገ ማታ ይስጡኝ።»

«እስከ ነገ ማታ። ከዚያ በኋላ ትታሰራለች።»

ልጁ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጣለች።

«አባዬ እናቴ መሞቷ የተነገረው እዚህ ጓዳ ሸክላ ሲሰማ ነው» አለች። «ዛሬ ደግሞ ደብዳቤ አሳየኝ። አንድ አሳታሚ ቴፑን ወስዶ አልበሙን እንደ አዲስ ሊያወጣው ነው። አባዬ እንደ ሕፃን ዘለለ። ለእኔ አንድ ቀን እንደዚያ ዘልሎ አያውቅም። ደሜ ፈላ፤ ያልኩትን አልኩ። እኔ ግን አልነካሁትም! ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

መርማሪዋ ከመደርደሪያው አንድ ሸክላ አውጥታ ሰጠቻት። «እስቲ ወደ ልባሱ መልሽው።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ሸክላውን እንደ ሳህን በመዳፏ ጨበጠችው። የውስጥ ወረቀቱን ረስታ ራቁቱን ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው።

ጋዜጠኛው ሲናገር ዕቃው ሁሉ የሚያዳምጠው ይመስላል። «ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ‹ዛሬ የምሥራች አለኝ፤ አሥር ሰዓት ላይ ትሰማለህ› አለኝ። ይኼ ያሉኝ ደብዳቤ ነበር እንዴ? አይ ወንድሜን! በሬዲዮ ስንት ዘመን ስለምንላቸው አንድ አድማጭ ደብዳቤ አልጻፈልኝም።»

«ስትገቡ ማጫወቻው ይሠራ ነበር?»

«ጠፍቷል። ሸክላውም ልባሱ ውስጥ ነበር። ምኑንም አልነካንም።»

ሐኪሙም ይህንኑ አረጋገጠ። እጆቹ ነጭና ንጹሕ ናቸው።

«ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ ዶክተር?»

«ቤቴ፤ አሸልቤ። አሥር ሰዓት ድረስ ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም።»

«ስለ ደብዳቤው ያውቁ ነበር?»

«የምን ደብዳቤ? የድመቶቹን ነገር የሚያውቅ እኮ የለም። ሦስት ነበርን፤ እነሆ ሁለት ቀረን» አለ። አነጋገሩ ከአያት ስለወረሰው ርስት የሚያወራ ሰው አነጋገር ነበር። መርማሪዋ ይህን ልብ አለች።

ሁሉም ሲወጡ ልባሱ ውስጥ የተገኘውን የድመቶቹን ሸክላ አነሣች። ካርቶኑ በጎን ተከፍቷል፤ የውስጥ ወረቀቱ አፍ ግን ወደ ላይ ነው። መደርደሪያው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እየሳበች አየች፤ የሁሉም የውስጥ ወረቀት አፍ ወደ ካርቶኑ አፍ ነው። ሸክላውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ጥቁሩ ጥርት ብሎ ተወልውሏል። መሃሉ ላይ ባለችው ቀይ ክብ ወረቀት ላይ ግን ከቀዩ ጠቆር ያለች ጠብታ ደርቃለች።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ልጅቷን፣ ፀጉር አስተካካዩንና ሁለቱን ሽማግሌዎች እዚያው ጓዳ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። ጋዜጠኛው የራሱን ቅጂ ይዞ እንዲመጣ ተነግሮት ነበርና፣ መርማሪዋ እሱን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አደረገችው። አራቱ ወጣቶች ከሃምሳ ዓመት በፊት በነበራቸው ድምፅ ዘፈኑ። ጋዜጠኛው ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ አቀርቅራ ቀረች።

የመጀመሪያው ገጽ አለቀ። መርፌው መጨረሻው ላይ ደርሶ እዚያው መዞር ጀመረ፤ ጭርር ጠቅ፣ ጭርር ጠቅ። መርማሪዋ እንዳልሰማ ሆና ስለ ጓሮው በር ቁልፍ ታወራለች። አንድ ደቂቃ አለፈ። ፀጉር አስተካካዩ አዛጋ። ጋዜጠኛው ወደ ማጫወቻው ቢመለከትም አልተነሣም። ሐኪሙ ግን ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል።

«መርፌው ይበላሻል» አለ።

«ይበላሽ» አለችው፤ ቀጠለችም።

አልቻለም። ተነሣ። መርፌውን አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰ። ሸክላውን ጠርዙን ብቻ በሁለት መዳፉ ይዞ አወጣ፣ ጥቁሩን በጨርቅ ወለወለ፣ ወረቀቱ ውስጥ አስገባ። ወረቀቱን ሩብ ዙር አዞረና ካርቶኑ ውስጥ ከተተው።

«ለምን አዞሩት ዶክተር?»

«አቧራ እንዳይገባ ነዋ!» አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ የሁሉንም ፊት አየ።

«አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ ሲመታ ያ ሸክላ ማጫወቻው ላይ ነበር፤ መሃሉ ላይ ደም ተረጭቶበታል፤ የእሱ ደም መሆኑ ዛሬ ጠዋት ተረጋግጧል። ስለዚህ ወደ ልባሱ የመለሰው ገዳዩ ነው። ጥቁሩን ወለወለ፤ ቀዩን ግን ማንም ሸክላ ወዳጅ አይወለውልም፤ በቀዩ ላይ ደሙ አልታየውም። ልጅቷ ሸክላ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አታውቅም። ደግሞስ ተናዶ አባቱን የገደለ ሰው ለሸክላ አቧራ ይጨነቃል? ሟቹ ደንበኛ እንዳይጠብቅ የወረቀቱን አፍ ወደ ውጭ ነው የሚያደርገው። እርስዎስ?» አለችው ጋዜጠኛውን።

«ወደ ውጭ። ስቱዲዮ ውስጥ ወረቀት የሚያዞር ማን ጊዜ አለው?» አለ ጋዜጠኛው በደከመ ድምፅ።

«አፉን ወደ ላይ የሚያዞረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም ብሎኝ ነበር። ልጅቷ ከወጣች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ከሱቁ ወደ ቤቱ ስልክ ተደውሎ ተነሥቷል።»

ሐኪሙ ሸክላውን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ተቀመጠ።

«‹ከሁሉ ቀድመህ ና› አለኝ። መጣሁ፤ ደብዳቤውን አሳየኝ። የእኛ ነበሩ እኮ! ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ልጆች እኛ ነን ያኖርናቸው። ነገ በየሱቁ፣ በየመኪናው፣ ጆሮ በሌለው ሁሉ አፍ ሊገቡ? ‹ተው› ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝና ዞሮ ተቀመጠ። ቴፑን አላጠፋሁትም፤ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። እንዴት አድርጌ አጠፋዋለሁ?»

«አንተ ሰው!» አለ ጋዜጠኛው፤ ያ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ዕድሜያችንን ሙሉ የጮኽነው ዓለም እንዲሰማቸው አልነበረም?»

ፖሊሶቹ ወደ ሐኪሙ መጡ።

ልጅቷ ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ የተናደድኩት በቴፑ ይመስልዎታል? ‹መጀመሪያ ለማን ልትነግር ነው?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹ለዶክተሩ› አለኝ። ‹ከእኔ በላይ የሚደሰተው እሱ ነው› አለኝ። ‹ከእኔ ከልጅህ ይልቅ?› አልኩት፤ አባዬም ‹እሱ ወንድሜ ነው› አለኝ። በእርስዎ ቀንቼ ነው እያለቀስኩ የወጣሁት።»

ሐኪሙ ያቀፈውን ሸክላ ቀስ ብሎ አቀበላትና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።