ነጭ ፋኖስ ለዶህዮን

«ለልጅዎ ባለቀለም ነው ወይስ ነጭ?» አለች ፋኖስ መዝጋቢዋ ሴትዮ።

ቦራ አፏን ሳትከፍት እናቷ ቀደመቻት። «ባለቀለም ነዋ! ምን ማለትሽ ነው?»

ሴትዮዋ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች። የቡድሃ ልደት ሲቃረብ በሴኡል መሃል ባለው በዚህ አሮጌ ቤተ መቅደስ የወረቀት ፋኖስ ይሰቀላል፤ ባለቀለሙ በፊት ለፊቱ ግቢ ለሕያዋን፣ ነጩ ከአዳራሹ ጀርባ ለሙታን። የቦራ ወንድም ዶህዮን የተሳፈረባት የዓሣ ጀልባ ከተገለበጠች ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል። አብረውት የነበሩት የአምስቱ ሰዎች አስከሬን ተገኘ፣ የእሱ ግን አልተገኘም። እናቱ ዘንድ ታዲያ ዶህዮን አልሞተም። ላልሞተ ሰው ደግሞ እቤት ውስጥ አይለቀስም። የአሥራ አምስት ዓመቷ ቦራ ማልቀስ ሲያምራት ሻወር ቤት ገብታ ውሃ ትከፍታለች።

«‹በሰላም ይመለስ› ብለሽ ጻፊ፤ እኔ ልስገድ» አለች እናቷ ጫማዋን እያወለቀች። መቶ ስምንት ስግደት ነው፤ ሲያንስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

ቦራ እንደታዘዘችው ጻፈች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ነጭም ይስጡኝ» አለች።

«ለማን?»

«ለዚሁ ለወንድሜ። እማዬ እንዳትሰማ።»

«ላንድ ሰው ሁለቱንም? ኧረ እንዲህ አይደረግም የኔ ልጅ!»

«አውቃለሁ። ግን እስከ መቼ ሻወር ቤት ላልቅስ?»

ሴትዮዋ ነጩን ፋኖስ ከነስም ወረቀቱ ሰጠቻት። ቦራ የወንድሟን ስም፣ «አስታዋሽ» በሚለው ቦታ ደግሞ የራሷን ጻፈች።

ከአዳራሹ ጀርባ ሴትዮዋ መሰላሉን እስክታመጣ ቦራ ባዶ ቦታ ትፈልግ ጀመር። በየፋኖሱ ስር የስም ወረቀት ተንጠልጥሏል። አንዱ ላይ ዓይኗ ተተክሎ ቀረ። «ናም ዶህዮን» ይላል፤ የወንድሟ ሙሉ ስም። ከስሩ፣ ወደ ግራ በሚጋደሉት የእናቷ ፊደላት፣ «አስታዋሽ፦ እናቱ» የሚል አለ።

ባለፈው ማክሰኞ እናቷ «ቤተ መቅደስ ኩሽና ላግዝ» ብላ ሄዳ ዓይኗ ደም መስሎ ነበር የተመለሰችው። «ሽንኩርት ስልጥ ውዬ ነው» ብላ ነበር። ቦራም አምናት ስቃባት ነበር፤ «አንቺ ደግሞ በሽንኩርት ትሸነፊያለሽ» ብላ።

የቦራ ልብ ስብር አለ። እናቷ ልጇን ብቻዋን ቀብራዋለች። ተስፋውን ይዛ የቆየችው ለቦራ ስትል ነበር።

«ልስቀለው?» አለች ሴትዮዋ።

«አይ፣ ይቅር» አለች ቦራ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ብዕርዎን ብቻ ያውሱኝ።» መሰላሉን ወጥታ ከእናቷ ጽሑፍ ስር «እና እህቱ» ብላ ጨመረች።

እናቷ ስግደቷን ጨርሳ ከአዳራሹ ወጣች። ቦራ ደገፈቻት።

«ሰቀሉት?» አለች እናቷ።

«ሰቀሉት። እማዬ፣ በጀርባ በኩል እንውጣ።»

እናቷ ጫማዋን እንዳንጠለጠለች ደርቃ ቀረች። የቦራን የቀላ ዓይን አየች። ከዚያ «እሺ፣ በጀርባ እንውጣ» ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ማድረግ ጀመረች።