የታጠበው ድንጋይ

ሽማግሌው ጂኦሎጂስት በናሙና ማከማቻው ውስጥ፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል። ከበላዩ ከነዳጅ ፍለጋው ጉድጓድ የወጡት የሼል ናሙናዎች፣ ስስ ስስ ሆኖ የተደራረበው ያ ጥቁር ድንጋይ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በየሣጥናቸው ተጋድመዋል።

ሴት ልጁ የሰማችው እዚያው ግቢ፣ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ሆና ነው። ሥራዋ በድንጋይ ውስጥ የድምፅ ሞገድ እየላኩ ፍጥነቱን መለካት ስለሆነ አባቷ «ጆሮዬ» ይላት ነበር፤ ባልደረቦቿም ስሟን ትተው በዚሁ ቀሩ። ጆሮዬ እንባዋ ሳይደርቅ ሌላ መርዶ ተከተለ፦ ታናሽ ወንድሟ በአባቱ ግድያ ተጠርጥሮ ታሰረ። ወንድሟ የቁፋሮ መሐንዲስ ነው። በዋዜማው ከአባቱ ጋር ግቢው እስኪሰማ ተጨቃጭቋል፤ ሲመሽም ከማከማቻው ሲወጣ ዘበኛው አይቶታል። አባትን ቀብሮ ወንድምን እስር ቤት መጠየቅ ለጠላትም አይስጥ። ጆሮዬ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ወንድሟ እንዲፈታ።

መርማሪዋ አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ፖሊሶቹ ከኋላዋ «እሜቴ ለምን» ይሏታል፤ የምትጠይቀው ሲያልቅባት የጠየቀችውን እንደገና ትጠይቃለች።

«አባትሽና ወንድምሽ ለምን ተጣሉ?» አለቻት።

«ወንድሜ ሁለተኛውን ጉድጓድ ቶሎ ልጀምር ብሎ ነው። አባባ ደግሞ ‹ድንጋዩን ሳላምነው አትቆፍርም› አለው።»

«ድንጋይን ማመን ምን ማለት ነው?»

«ጉድጓዱ ውስጥ መሣሪያ ይወርዳል። የድንጋዩን ጨረር፣ ክብደትና የድምፅ ፍጥነት እያነበበ ይወጣል። ንባቡን የሚተረጉመው ባለቤቴ ነው። ዘይት ያዘለ ሼል ጨረሩ ከፍ ይላል፤ ሸክላ የበዛበትም እንደዚያው ከፍ ይላል። ባለቤቴ ‹ይሄ ዘይት ነው፣ ድንጋዩም ደረቅና ተሰባሪ ነው፣ በግፊት ብንሰነጥቀው ይሰጠናል› አለ። አባባ ግን ሸክላ ነው ብሎ ጠረጠረ። ሸክላ ከሆነ ስንጥቁ ተመልሶ ይዘጋል፤ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ታዲያ ማን ይዳኛል?»

«እኔ። ናሙናውን ስለካው ይለይ ነበር። አባባ ጠዋት አመጣልሻለሁ ብሎኝ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ሲጠየቅ እጁን አወናጨፈ። «እኔ ድንጋይ ከድንጋይ አልለይም! ሪፖርቱ ጥሩ ነው አሉኝ፣ ጥሩ ነው ብዬ ፈረምኩ።»

የጆሮዬ ባል ግን ረጋ ብሎ መለሰ። ከቀብሩ ጀምሮ የጆሮዬን እናት እንደ ወለደችው ልጅ ደግፎ የያዘው እሱ ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«አማትህ ሥራህን ሲጠራጠሩ አልከፋህም?»

«ይከፋኛል እንጂ! ግን ከአባባ ጋር መከራከር ልማዳችን ነው። ያ ድንጋይ ሸክላ የለበትም፤ ዛሬም በአንገቴ እወራረዳለሁ።»

መርማሪዋ ጆሮዬን አስከትላ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ቃኘች። ከአንዱ ፊት ቆመች። ከናሙናዎቹ መካከል አንዱ ገሚሱ ጭቃ ሆኗል፤ ገሚሱ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ነው።

«ይሄ ለምን ተለየ?»

ጆሮዬ ጎንበስ አለች። አባቷ ሊያመጣላት የነበረው ድንጋይ ነው። «ውኃ ነክቶታል» አለች ግራ ገብቷት። «ማን ነው ይሄን ያደረገው? እኛ ስንቆርጠው እንኳ በዘይት ነው።»

«በላዩ ላይ ያሉት ቀይና ጥቁር መስመሮችስ?»

«ላይና ታቹ እንዳይምታታ ነው። ወደ ላይኛው ጫፍ ሲመለከቱት ቀዩ በቀኝ ይሆናል።»

መርማሪዋ መስመሩን ከጎረቤቶቹ ጋር አስተያየች፤ ቀዩ በቀኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ማከማቻው ውስጥ ተሰበሰቡ። ወንድምየው በካቴና ታስሮ፣ ጢሙ አድጎ መጣ።

«ሟቹ የተመቱት በዚህ ድንጋይ ነው» አለች መርማሪዋ። «በስንጥቁ ውስጥ ደማቸው ተገኝቷል። ገዳዩ እዚያ ጥግ ካለው ቧንቧ አጥቦ ወደ ሣጥኑ መለሰው። ቦታውን አልሳተም፣ መስመሩንም አላዛባም። ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት አድርገው ይመልሱት ነበር?»

«የምን መስመር ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ጥሩ። አንተስ፣ ቆፋሪው፣ ታጥበው ነበር?»

ወንድምየው በምሬት ሳቀ። «ሼልን በውኃ? የትኛውም ሼል ይሁን፣ ውኃ አይቅረበው ነው የኛ ሕግ። ውኃ ሲነካው እያበጠ ስንቴ መሰርሰሪያ ውጦብናል!»

«እህትህም በዘይት ነው የምትቆርጠው። እንግዲህ ገዳዩ መስመሩን ያውቃል፣ ውኃውን ግን አልፈራም። ለምን? ውኃ ጭቃ የሚያደርገው ሸክላ የበዛበትን ነው፤ እሱ ግን ይህ ድንጋይ ሸክላ የለበትም ብሎ ከልቡ አምኗል። ሥራውን የሚያውቅ፣ ይህንንም ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ጆሮዬ ባል ዞሩ።

«ቀልድ ነው እንዴ?» አለ ባልየው። «ሼል እኮ ሲደርቅ በራሱ ይፈርሳል! ጆሮዬ፣ ንገሪያቸው። ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።»

ጆሮዬ አየችው። የተናገረው ግማሽ እውነት ነው፤ «አዎ» ብትል ማንም አይሞግታትም። ባሏ አብሯት ወደ ቤቷ ይገባል፣ ወንድሟ ተመልሶ ይታሰራል። ትወደዋለች፤ አሁንም በዚያች ሰዓት እንኳ ትወደው ነበር፣ ለዚያም ራሷን ጠላች።

«ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አለች።

ባሏ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ጭቃ ግን አይሆንም።»

«ስመልሰው እኮ ደህና ነበር!» አለ፤ ካፉ አምልጦት።

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። «አባባ ‹ነገ ልጄ ትለካዋለች፣ በሰው ፊት ታፍራለህ› አለኝ። ድንጋዩን እጄ ላይ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጠኝ። ያን ያህል ዓመት የሠራሁት... እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም።» ወደ ሣጥኑ ሄዶ ጭቃውን በጣቶቹ መካከል አሸው። «እውነትም ሸክላ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወጥቶ በሌላው ገባ። ወንድሟ መጥቶ አቀፋት፤ እሷ ግን መልሳ አላቀፈችውም።

«እማዬ የት ናት?» አላት።

«ቤት ናት። ጠዋት ላንተ ስታለቅስ ባለቤቴ ‹አይዞሽ፣ እኔ ልጅሽ አይደለሁም ወይ?› ሲላት ነበር። ምሳ አቆይታለታለች።»

ወንድሟ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ማን ነው የሚነግራት?»

«እኔ» አለች ጆሮዬ። «የመሰከርኩበት እኔ ነኝ።»