ነጩ ግድግዳና ሁለቱ ተረከዞች

የጓድ ባዘዘው ልጅ የዓለምዘርፍ በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ አዲስ ኖራ በተቀባ የሳሎን ግድግዳ ሥር አንገቷ ተሰብሮ ተገኘች። ከራሷ በላይ፣ አንድ ልጅ በእጁ ቢቆም እግሩ በሚደርስበት ከፍታ፣ ሁለት ቀይ የጭቃ ምልክቶች ግድግዳው ላይ ታትመው ነበር፤ የሁለት ትንንሽ ተረከዞች ምልክት። የቴፒ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ልጅቷ የጂምናስቲክ የቤት ልምምዷን ስትሠራ፣ በእጇ ቆማ ሳለ ወደቀች። የቤት ልምምዱን ያዘዘ ማን ነው? አሰልጣኙ ጀይላን። እንግዲያው ገዳይዋ ጀይላን ነው። በ1977 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አንድን ሰው ለመጨረስ ከዚህ የረዘመ ሐሳብ አያስፈልግም ነበር።

ጀይላን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ የከተማውን ትንንሽ ሴቶች ሰበሰበና የቡና ገለባ በተጠቀጠቀባቸው ጆንያዎች ላይ ያገለባብጣቸው ጀመር። ለአብዮት በዓል በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ውድድር አለ፤ ከቴፒ የምትሰለፈው ጀማሪ አንዲት ብቻ ናት፤ የተመረጠችውም የዓለምዘርፍ ነበረች። አባቷ በመንግሥት እርሻው የሠራተኞች አስተዳዳሪና የፓርቲ ሰው ናቸው። ልጃቸው በሞተችበት ቀን ጀይላን «የአብዮቱን ፍሬ ሆን ብሎ ያጠፋ» ተብሎ ቀበሌ ታሰረ፤ በዚያው ዕለት እጁን ተገረፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በእርሻው መኪና ወደ ክፍለ ሀገሩ ይላካል። እንዲህ ባለ ክስ ተልኮ የተመለሰ ሰው ቴፒ ውስጥ የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ከማሻ የመጣችው መርማሪ ሃምሳ አለቃ በየነች ናት። የጭነት መኪናው ጌጫ ላይ ጭቃ ይዞት ስለነበር ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ቆሽሿል። አለቃዋ የላካት «ነገሩ ያለቀ ነው፤ ወረቀቱን አሟልተሽ ተመለሺ» ብሎ ነው። በየነች ወረቀት ማሟላት የሚባለውን ነገር እንደ ስድብ ነው የምትቆጥረው። አጭርና ደረቅ ሴት ናት፤ ሰው ሲያናግራት ፊቱን ትታ እግሩን ታያለች፤ ይህ ባሕሪዋ ብዙ ሹማምንትን አናዷል።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደች። አስከሬኑ ገና አልታጠበም። የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ አንሶላውን ገለጠና ፊቱን አዞረ፤ እሷ አላዞረችም። ማጅራቷ ላይ ቀጭን፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ሰንበር አለ። ቀኝ የእጅ አንጓዋ በጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ ሲፈታ አንጓው አብጦ ጠቁሯል። ድሬሰሩ እብጠቱ የቆየ መሆኑን፣ በዚያው ሳምንት ልምምድ ላይ ወድቃ መጥታ ራሱ እንዳሰረላት ነገራት። በየነች ወደ እግሮቿ ዞረች። ተረከዞቿ ቀይ ጭቃ ነክቷቸዋል። ጣቶቿና የውስጥ እግሯ ግን አሁን ከኮንጎ ጫማ የወጡ ይመስል ንጹሕ ናቸው። መዳፎቿም ንጹሕ ናቸው።

ማንም እንዳላጠባት ድሬሰሩ ማለላት። በየነች አንሶላውን ራሷ መልሳ አለበሰቻት።

የሟቿ አክስት ወይዘሮ ወለተሥላሴ የጓድ ባዘዘው ታላቅ እኅት ናቸው። የልጅቷ እናት ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ከምሳ ሰዓት በኋላ ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ አስከሬኗን ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ሲያለቅሱ ድምፅ አያወጡም። ቤቱ በዚያው ሳምንት ለበዓሉ እንግዶች ተብሎ መቀባቱን ነገሯት።

«የምትለማመደው እዚህ ግድግዳ ላይ ነበር?»

«የለም ልጄ። ኖራው ይበላሻል ብዬ ከልክያታለሁ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው የምትሠራው። ከልጅ ይልቅ ለግድግዳ ስሳሳ ነበር፤ እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩ።»

በየነች ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ዞረች። ክፈፉ ከዝናብ የጠበቀው የጭቃ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በእግር ጣቶች ምልክት ተሞልቷል፤ አንዱ ከአንዱ ከፍ እያለ ይወጣል። ተረከዝ የሚባል ግን አንድም የለም። ተመልሳ የአባትየውን መኝታ ቤት አየች፤ የአልጋውን ብረት በጣቷ ለካች። ከዚያ አባትየው ልምምዷን ያዩ እንደነበር ወይዘሮ ወለተሥላሴን ጠየቀቻቸው።

«ባዘዘው ሲወጣ ተኝታ ነው፤ ሲገባም ተኝታ ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ። «ሠርታለች ወይ ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። አልሠራችም ካልኩት ቀስቅሶ ቀበቶውን ይፈታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሠርታለች እለዋለሁ።»

ጀይላን ቀበሌው እስር ቤት መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጣቶቹ አብጠው አይታጠፉም፤ ውሃ ያጠጣው አብሮት የታሰረ ሌላ ሰው ነበር። በየነች ተረከዝ ግድግዳ ላይ እንዴት ሊታተም እንደሚችል ስትጠይቀው ግራ ተጋብቶ ቀና አለ።

«ተረከዝ? ጀማሪ ልጅ ሆዷን ነው ለግድግዳ የምትሰጠው። እጇን መሬት ላይ ትተክልና በጣቶቿ ግድግዳውን እየረገጠች ትወጣለች። ጀርባዋን ሰጥታ እግሯን ከወረወረች ወገቧ ይታጠፋል፤ ከሳተች ደግሞ በአንገቷ ነው የምትወርደው። እንዳያደርጉት አስምያቸዋለሁ።»

ከዚያ ሌላውን ነገራት። ልጅቷ በሞተችበት ቀን ጠዋት እሱ ራሱ ወደ ጓድ ባዘዘው ቢሮ ሄዶ ነበር። የልጅቷ አንጓ እስኪድን መሬት እንዳትደገፍ፣ ውድድሩም እንደሚቀርባት፣ በእሷ ቦታ ንጋቷ የምትባለውን ልጅ እንደሚያሰልፍ ነግሯቸዋል። እሳቸው የመለሱለት አንድ ቃል ነው፤ «ውጣ»።

ጓድ ባዘዘው ይህን ካዱ። ቢሮአቸው ውስጥ ጥቁር ክራባት አስረው ተቀምጠዋል፤ ሐዘናቸውም እውነተኛ ነው፤ ዓይናቸው ደም ለብሷል። ጀይላን ቢሮአቸው እንዳልመጣ፣ ስለ እጇም የነገራቸው እንደሌለ፣ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ እንደነበሩና ምሳቸውን ብቻቸውን እንደበሉ አስረዱ። ልጃቸው ከዘር ነበር ጂምናስቲክ ያገኘችው፤ እሳቸው በወታደርነታቸው ዘመን የሰልፉን ሜዳ በእጃቸው እየሄዱ የዞሩ ሰው ናቸው። ይህን ሲያወሩ ትከሻቸው ቀና አለ፤ በሐዘናቸው መካከል እንኳ ይህን አልተዉትም።

«ልምምዷን ያዩ ነበር?» አለች በየነች ጫማቸውን እያየች።

«ጊዜ የለኝም ጓድ ሃምሳ አለቃ። አንድ ቀንም አይቼ አላውቅም። ለዚህ አይደል እንዴ አሰልጣኝ የተቀጠረው?»

የቀረችው የንጋቷ እናት ሸዋነሽ ናት፤ ገበያው ዳር ሱቅ አላት። የምታውቀው ነገር እንደሌለ ሦስቴ ደጋግማ ተናገረች። በየነች የሱቁ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ፣ የዓለምዘርፍ ስትሞት የተጠቀመችው የሸዋነሽ ልጅ መሆኗን ከተማው እያወራ ነው አለቻት። ከተማው እንዲህ አላወራም፤ በየነች ናት ያመጣችው።

«ምን ተጠቀምኩ?» አለች ሸዋነሽ ቱግ ብላ። «ቦታው ልጅቷ ሳትሞት በፊት የኛ ሆኗል። ጀይላን ጠዋት ሱቄ መጥቶ ‹አሁን ከጓድ ባዘዘው ቢሮ ነው የመጣሁት፤ ነግሬያቸዋለሁ፤ ልጅዎን ያዘጋጁ› ብሎኛል።»

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የማንን ስም እንደጠራች የታወቃት። ሰው እስከ ነገ ሊጠፋ መሆኑን እያወቀች፣ ሱቋ እንዳይነካባት ስትል ይህን ይዛ ተቀምጣ ነበር። በየነች አልተቆጣቻትም፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጅዋን ይዛ እንድትመጣ ብቻ አዘዘቻት።

በዚያ ሰዓት ሁሉም በጓድ ባዘዘው ሳሎን ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ በርጩማ ላይ፣ ሸዋነሽ በሩ አጠገብ፣ ጓድ ባዘዘው ወንበራቸው ላይ። ጀይላንን ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ይዘውት ገቡ። ንጋቷ በልምምድ ቁምጣዋ መሐል ቆማለች፤ ዐሥር ዓመቷ ነው። በየነች ጓደኛዋ የሞተችበትን ግድግዳ አሳየቻት። ይህ ጭካኔ ነው፤ በየነችም ታውቀዋለች፤ የተሻለ መንገድ ግን አላገኘችም።

«የቤት ልምምድሽን አሳዪን» አለቻት።

ንጋቷ እናቷን አየች፤ እናቷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ልጅቷ ሆዷን ወደ ግድግዳው አዙራ እጆቿን ወለሉ ላይ ተከለች። በእግር ጣቶቿ ኖራውን እየረገጠች ቀስ ብላ ወጣች። እዚያው ቀጥ ብላ ቆመች።

«እንዲህ አይደለም» አሉ ጓድ ባዘዘው። ስፖርት የሚያውቅ ሰው ስህተት ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። «ይሄ መንፏቀቅ ነው። ጀርባዋን ለግድግዳው ትስጥና እግሯን ወርውራ በተረከዟ ትደገፍ። እኛ ጦር ሠራዊት ውስጥ እንዲያ ነው የተማርነው።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ወንድማቸውን ቀስ ብለው ዞረው አዩት። በየነች ልጅቷን ደግፋ አወረደቻትና ወደ እናቷ ላከቻት።

«የዓለምዘርፍ በተረከዟ ቆማ አታውቅም» አለች። «ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው ግድግዳ በሙሉ የጣት ምልክት ነው። ይህ ግድግዳ ላይ ግን ያሉት ሁለት ተረከዞች ብቻ ናቸው። ጭቃ ረግጣ ቢሆን ጣቶቿም ይቆሽሹ ነበር፤ በእጇ ቆማ ቢሆን መዳፏ አቧራ ይይዝ ነበር። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ስለዚህ ልጅቷ ከሞተች በኋላ አንድ ሰው ጫማዋን አወለቀ፣ ተረከዟን ጭቃ ቀባ፣ ተሸክሞም ግድግዳው ላይ አተማት።»

ሸዋነሽ የልጅዋን ጆሮ በሁለት እጇ ደፈነች። በየነች ድምፅዋን ሳትለውጥ ቀጠለች። ይህን ያደረገው ጀይላን ቢሆን ጣት ያትም ነበር፤ ደግሞስ በገዛ ልምምዱ የሞተች አስመስሎ ራሱን የሚያሳስር ማን ነው? ሸዋነሽ እንዳትባል ቦታው ከጠዋቱ የልጅዋ ሆኗል፤ በቤቷም የምታየው የጣት ምልክት ነው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ነጩን ግድግዳ የከለከሉ ሰው ናቸው፤ ማስመሰል ቢፈልጉ ልጅቷን ማድ ቤቱ ጀርባ ያስተኟት ነበር።

«የቀረው በእጅ መቆምን የሚያውቅ፣ ይህችን ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ ስትሠራ ያላየ ሰው ነው። ጀይላን አልነገረኝም አሉ፤ ነግሮዎት ወጥቶ በቀጥታ ሸዋነሽ ሱቅ ነው የሄደው፤ ያኔ ልጅዎ በሕይወት ነበረች። በምሳ ሰዓት ብቻዎን ነበሩ። ማጅራቷ ላይ ያለው ሰንበር ቀጥ ያለ ነው፤ ወለል እንዲህ አያሰምርም። የመኝታ ቤትዎን የአልጋ ብረት አይቼዋለሁ፤ ልኩ ነው።»

ባዘዘው ብዙ አልተከራከረም። ከዚህ በኋላ አንቱ እያሉ መጻፍ ለእኔም ይከብደኛል።

«ቁሚ አልኳት» አለ ግድግዳውን እያየ። «እጄን ያመኛል አለች። እኔ በተሰበረ ጣት ቆሜያለሁ አልኳት። አልችልም አባባ አለች። ለሰው ሁሉ ተናግሬ ነበር፤ ልጄ ትሰለፋለች ብዬ ለበላይ አካል ሳይቀር። አንድ ጊዜ ነው የገፋኋት።»

«ጀይላንስ ምን አደረገዎት?»

«አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት» አለ፤ ነገሩ የሥራ ክፍፍል ይመስል።

ሁለቱ ጥበቃዎች ጀይላንን ለቀቁ፤ ባዘዘውን ለመያዝ ግን እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሰውየው እስከ ትናንት በጥፊ ሊመታቸው የሚችል ሰው ነበር። በየነች ብታዝዛቸውም እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከበርጩማቸው ተነሡ።

«ወንድሜ ነው» አሉ። «ያዙት።»

ያዙት። ሲወጣ እኅቱ አላዩትም፤ የልጅቷን ኮንጎ ጫማ ከመኝታ ቤቱ አልጋ ሥር አምጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ጀይላን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ነገ ጠዋት መኪናው ያለ እሱ ይሄዳል። ደስታ ይሰማው እንደሆነ ከፊቱ ማወቅ አይቻልም፤ እኔ ግን የተሰማኝ ንዴት ነው።

ሸዋነሽ ነጠላዋን አስተካክላ የልጅዋን ትከሻ ይዛ ወደ ጀይላን ቀረበች።

«ውድድሩ አልተሰረዘም አይደል?» አለችው። «ልምምዱን ነገ እንቀጥላለን?»

ጀይላን ያበጡትን እጆቹን አነሣላት። ጣቶቹ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

«እያዩት ነው እትዬ ሸዋነሽ። ስትገለበጥ ብትስት የሚይዛት የለም።»

ሸዋነሽ እጆቹን አየች፤ ከልቧም አዘነች። ከዚያ ወደ ልጅዋ ዞረች።

«እንግዲያው አትሳቺ» አለቻት።

«እሺ እማዬ» አለች ንጋቷ።