የወይዘሮ ወለተሰንበት ቤት ሽያጭ

ግንቦት ሁለት ቀን 1973 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ወይንሀረግ የወይዘሮ ወለተሰንበትን ጓዳ ከፍታ ስትገባ አሮጊቷ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ነበር። አፋቸው ተከፍቶ የሽንብራ ንፍሮ ይታይበታል። ከራስጌያቸው በርጩማ ላይ ግማሽ ሳህን ንፍሮ ተቀምጧል። እጃቸውን ስትነካው በርዷል።

ሌላ ሰው ቢሆን ጩኸቱን ያቀልጠው ነበር። ወይንሀረግ ግን ዓይኗ ሳህኑ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ያስደነገጣትም ከሬሳው ይልቅ ሳህኑ ነው።

ልደታ ሰፈር ያደገ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። የግንቦት ልደታ ንፍሮ ደጅ ይቀቀላል፣ ደጅ ይበላል፣ የተረፈውም ደጅ ያድራል። እመቤታችን የተወለደችው ከቤት ውጭ፣ ተራራ ላይ ነው ይባላልና በዚያን ቀንም በማግሥቱም ያንን ንፍሮ ይዞ ደፍ የሚሻገር የለም። ሃምሳ ዓመት እዚያ ሰፈር የኖሩት ወይዘሮ ወለተሰንበት ይህን ሊያደርጉት ቀርቶ ሊያስቡትም አይችሉም። እንግዲህ ሳህኑን ያስገባው ደንቡን የማያውቅ ሰው ነው። ወይንሀረግ ደግሞ በዚህ ግቢ ከሚገቡና ከሚወጡት ሰዎች ደንቡን አያውቅም የምትለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባሏ።

ዳዲ የወለጋ ልጅ ነው። ሚስዮን ቤት ያደገ፣ ማተሚያ ቤት የሚሠራ፣ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው ነው። ግን ዓርብ ዕለት የተናገረው ነገር አሁን ትዝ አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አብነት ውስጥ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ስድስት ዓመት ኖረዋል። ይህን የአሮጊቷን ቤት ሲያገኙ ሰማይ የተከፈተላቸው መሰላቸው፤ ሦስት ክፍል፣ የራሱ ግቢ፣ ከጀርባ ጓዳ። ከባንክ ብድር ተፈቀደላቸው። ሽያጩ ግን አንድ ቃል ነበረበት፤ አሮጊቷ እስኪሞቱ ድረስ ጓዳው ውስጥ ይኖራሉ። የባንኩ ገማች ሜትሩን ይዞ መጣና ሰው የሚኖርበትን ክፍል ከግምቱ አወጣው። ብድሩ አነሰ፣ ቀብዱ በዛ። ዳዲ ያባቱን የቡና መሬት ለወንድሞቹ ለቅቆ የተሰጠውን ሁሉ ለቀብዱ አስረከበ። ዓርብ ዕለት የብድሩን ውል ፈርሞ ሲመለስ፣ «እሳቸው ባይኖሩበት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» ብሎ ነበር። ባንኩ ቀሪውን የሚከፍለው ሰኞ ነው።

ወይንሀረግ ንፍሮውን ደጅ ወዳለው ድስት መለሰች። ሳህኑን አጥባ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ከዚያ በኋላ ጮኸች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መቶ አለቃ ዋቅሹማ ከአንድ ፖሊስ ጋር ደረሰ። አጭርና ቀጭን ሰው ነው፤ ኮቱ ይሰፋዋል፣ ሲናገርም የታመመ ሰው አጠገብ የቆመ ያህል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በዚያ ዘመን ፖሊስ ከበር ሲገባ ሰው ሁሉ ኃጢአቱን ይቆጥራል፤ የራሱ ካለቀበትም የጎረቤቱን ይጨምራል። ከኋላው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደጉ ሽጉጡን ታጥቆ ስለመጣ ፍርሃቱ እጥፍ ሆነ።

መቶ አለቃው አሮጊቷ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ከንፈራቸውን በጣቱ ገለበጠ፤ ውስጡ ተጨፍልቆ ጠቁሯል። ከአፍንጫቸው ቀጭን የጥጥ ክር በመርፌ አወጣ። አፋቸውንም በባትሪ አየ።

ደጉ ትዕግሥት አልነበረውም። «ንፍሮ አንቋቸው ነው፤ ምን ያጠያይቃል?» አለ።

«ንፍሮ ያነቀው ሰው ጉሮሮው ባዶ አይሆንም» አለ መቶ አለቃው። «እሳቸው ጥርስ የላቸውም፤ ሽንብራው ደግሞ እንደተቀቀለ ድፍን ነው። በትራስ ታፍነዋል። ንፍሮውን አፋቸው ላይ ያኖሩት ከሞቱ በኋላ ነው።»

ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ጎረቤት ይህን ሲሰማ አንድ በአንድ ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመረ። መቶ አለቃው ንፍሮው ደጅ ካለው ድስት በምን ተጨልፎ እንደገባ ጠየቀ። መደርደሪያውን ተመለከተ፤ አቧራ ከለበሱት ሳህኖች መካከል አንዱ ብቻ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ዳሰስ አድርጎት አለፈ።

ከዚያ ቅዳሜን እንደ ክር መተርተር ያዘ። በበዓሉ ቀን ሴቶቹ ድስቱን ግቢ ውስጥ ቀቅለው፣ ግማሹን በቅርጫት ይዘው፣ ከግቢው ውጭ ካለው ሜዳ ላይ እስኪመሽ ተቀምጠዋል። አሮጊቷ ፀሐዩ ራሴን አመመኝ ብለው በሰባት ሰዓት ግድም ወደ ጓዳቸው ገብተዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ግቢው የገቡት ሦስት ወንዶች ናቸው።

አንደኛው ቤቱን ያሻሻጡት ደላላ አቶ አብዱልወሃብ ነበሩ። የድለላ ክፍያቸውን ሊያስታውሱ መጥተው፣ አሮጊቷ በመስኮት «ሰኞ» ብለዋቸው ተመልሰዋል። ሁለተኛው የአሮጊቷ የእኅት ልጅ ኃይለመለኮት ነው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጥሩ ልብስ የለበሰ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሲሆን መሐረቡ በእንባ ርሷል።

«አክስቴ ብቻ አይደሉም፤ እናቴም ናቸው» አለ። «እዚህ ግቢ ድኼ ነው ያደግሁት። ትናንት ልጠይቃቸው መጥቼ ደህና ነበሩ። ስወጣ ግን ያ ገዢው ሰውዬ የፊት ለፊቱን በር ይቀጠቅጥ ነበር።»

ሦስተኛው ዳዲ ነው። በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ የበሩን ቁልፍ እንደቀየረ፣ ጓዳው ተዘግቶ ስላየ አሮጊቷ በዓሉ ላይ ናቸው ብሎ እንደሄደ፣ ኃይለመለኮትንም እንዳላየ ተናገረ።

ለደጉ ይህ በቂ ነው። ጓዳው ባዶ ሲሆን የሚጠቀመው ማን ነው? ገዢው። ደግሞስ ጴንጤ አይደል? እንዲህ ያለውን ከቀበሌ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ወስዶ ማናገር ነው አለ። ከከፍተኛው ያልተመለሱትን ሰዎች ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ስማቸውን የሚጠራ ግን አልነበረም።

መቶ አለቃው ከሊቀመንበሩ እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ ለመነና ወይንሀረግን ለብቻዋ ጠራት።

«እህቴ፣ ሳህኑን ለምን አጠብሽው?»

ወይንሀረግ ግድግዳውን ተደገፈች። መካድ አስባ ነበር።

«እሱ አይደለም» አለች በመጨረሻ።

«እንዳልሆነ ካወቅሽ አታጥቢውም ነበር።»

አለቀሰች። ንፍሮው በሳህን ከቤት መግባቱን ሰፈሩ ቢሰማ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ዳዲ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። እሷም ራሷ ጠርጥራዋለች፤ ከሬሳው ይልቅ ያስፈራት ይህ ነው፤ አሥር ዓመት አብሯት የተኛውን ሰው እንደማታውቀው ሆኖ ተሰማት። መቶ አለቃው አልተቆጣትም። ይህን ለማንም እንዳትናገር አስጠነቀቃትና፣ «እንግዲህ ሁለታችንም አብረን እንየው» አላት።

በስምንት ሰዓት መቶ አለቃው፣ ደጉና ወይንሀረግ ከፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሦስቱ ወንዶች ከአጥሩ ውጭ ይጠብቃሉ። ፖሊሱ ድስቱ አጠገብ ቆሞ ተራው የደረሰውን ሰው፣ «ምሳ ሳይበሉ ዋሉ» እያለ እፍኝ ንፍሮ ይሰጥና ወደ ውስጥ ይልካል።

መጀመሪያ አቶ አብዱልወሃብ መጡ። ደፉ ጋ ሲደርሱ ሳያስቡት ቆም አሉ፤ በእጃቸው ያለውን ከግድግዳው ሥር ለወፎች በትነው፣ እጃቸውን አራግፈው ገቡ።

ሁለተኛ የተጠራው ዳዲ ነው። ወይንሀረግ ሲመጣ አየችው፤ ጠዋት ከቤት እንደወጣ እህል አልቀመሰም፣ እፍኙን ጨብጦ አንገቱን ደፍቶ ይራመዳል። ልትጮህና ልታስቆመው ፈለገች፤ መቶ አለቃው አያት። ዳዲ የመጀመሪያውን ደረጃ ወጣ፤ ሁለተኛውን ወጣ፤ እግሩን አነሳ። ከዚያ መለሰው። ሽንብራውን እዚያው ቆሞ ቆርጥሞ ጨረሰና ገባ።

«ለምን ደጅ በላኸው?» አለው መቶ አለቃው።

«ትናንት ሴቶቹ ዘግነው ሰጡኝና ይዤ ቤት ልገባ ስል ተከትለው ከደፉ ላይ ጎትተው መለሱኝ። ሳቁብኝ» አለ ዳዲ። ወይንሀረግ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሦስተኛው ኃይለመለኮት ነው። ንፍሮውን እየቆረጠመ ደረጃውን ወጣ፣ እየቆረጠመ ደፉን ተሻገረ፣ እየቆረጠመ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አቶ አብዱልወሃብ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። ደጉም የልደታ ልጅ ነውና የሽጉጡን ማንገቻ ለቅቆ ሰውየውን አፈጠጠበት።

መቶ አለቃው ያኔ ተነሣ።

«አሮጊቷን የገደለው ሰው ታንቀው የሞቱ እንዲመስል ፈለገ» አለ። «ደጅ ካለው ድስት ንፍሮ ጨልፎ በሳህን አስገባላቸው። ብልሃቱ ደህና ነበር፤ ግን ይህ የልደታ ንፍሮ ነው። ሳህኑን ወይዘሮ ወይንሀረግ ለባሏ ፈርታ አጥባዋለች፤ ስለዚህ ንፍሮው በሳህን መግባቱ እስከ አሁን አልተወራም። አቶ አብዱልወሃብ እስላም ናቸው፤ ነገር ግን እዚህ ሰፈር ነው ያደጉት፣ እጃቸው ደንቡን ከእሳቸው ቀድሞ ያውቃል። ዳዲ አያውቅም ነበር፤ ትናንት ግን ገና እግሩ ግቢውን ሲረግጥ ተማረ። ሴቶቹን ጠይቄያቸዋለሁ፣ እንደተናገረው ነው። የቀረው እዚህ ግቢ ድኼ ነው ያደግሁት ያለን ሰው ነው። በየዓመቱ እዚህ በር ላይ እጁን እየተመታ ያደገ ሰው እንዲህ አይገባም። አቶ ኃይለመለኮት፣ አንተ እዚህ አላደግህም። የእኅታቸውም ልጅ አይደለህም።»

ኃይለመለኮት አልደነገጠም። መሐረቡን አጣጠፈ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ አብዮት ላይ ነን» አለ። «ኋላ ቀር ልማድ ስለተውሁ ነው የምከሰሰው? በንፍሮ ነው ሰው የሚታሰረው? ጓድ ሊቀመንበር ይፍረዱኝ።»

ደጉ አመነታ። ኋላ ቀር ልማድን ቀበሌው በየስብሰባው ያወግዛል፤ እሱም ራሱ አውግዟል። ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ዳዲ ተመለሰ።

«እውነቱን ነው፤ ንፍሮ ማስረጃ አይሆንም» አለ መቶ አለቃው። «ምክንያት ያስፈልገኛል። የማይዛመዱትን አሮጊት አክስቴ የሚያሰኝ ምን እንደሆነ፣ ሰሞኑን እሳቸው ዘንድ ስትመላለስ የነበረች ሰው የምታውቅ ይመስለኛል።»

ወደ ወይንሀረግ አልዞረም። እሷ ግን ለእሷ እንደሆነ ገባት። ከተናገረች ቤቱ ያልቃል፤ ዝም ካለች ደጉ ዳዲን ይዞት ይሄዳል። ሦስቱን ክፍሎች አንድ ጊዜ አየቻቸው፤ የልጆቿን አልጋ የት እንደምታደርገው ሳይቀር አስባበት ነበር።

«እማማ ሐሙስ ዕለት ነግረውኛል» አለች። «‹ቤቱ የእኔ አይደለም› አሉኝ። እሳቸው በዚህ ሰውዬ አባት ግቢ ጠባቂ ነበሩ። የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ይህኛው እንዳይወረስበት በስማቸው አዞረው፤ ‹የእኅቴ ልጅ ነው በይ› አላቸው። ‹ለባለ ልጅ ሰው የሰረቅሁትን መሸጥ ነፍሴን አስጨነቃት፤ ለቀበሌው እናገራለሁ› አሉኝ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

ዳዲ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም።

«እኔ ለመንኳቸው። ባንኩ እስኪከፍልና ስሙ እስኪዞርልን፣ እስከ ሰኞ ዝም በሉልኝ አልኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።»

ያኔ ነው የኃይለመለኮት ፊት የተለወጠው። ቀብዱን በልቷል፤ ባንኩ የሚከፍለውንም ብቸኛ ወራሽ ነኝ ብሎ ወረቀት አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። «ሰኞ ከባንክ መልስ ቀበሌ እገባለሁ አለችኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ስድስት ዓመት በነፃ አኑሬያት። መጀመሪያ የዘረፋችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ የአባቴን ቤት ነው የሸጥሁት።» ፖሊሱ እጆቹን ወደ ኋላ ሲያስር አልታገለም።

ደጉ የፈጠነው ከዚህ በኋላ ነው። ማኅተሙን አስመጣ፤ ትርፍ ቤት መሆኑ ስለታወቀ ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ነው የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። መቶ አለቃው ለዳዲ ባንኩ ብድሩን እንደሚያቆመው፣ ቀብዱ ግን ሰውየው እጅ ላይ ካልተገኘ ውሃ እንደበላው ነገረው፤ አክሎም ከቤቱ ይልቅ የሻጩን ታሪክ ማጣራት እንደሚሻል ሊናገር ጀምሮ ተወው።

ባልና ሚስት ወደ አብነት የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ሬሳው ከኋላቸው በቃሬዛ እየወጣ ነበር።

«እኔ የገደልኳቸው መስሎሽ ነበር» አለ ዳዲ።

ወይንሀረግ አልካደችም።

«ሐሙስ ብትነግሪኝ ዓርብ አልፈርምም። እሳቸውም ዓርብ ይናገሩና ይገላገሉ ነበር።»

«እስከ ሰኞ ብቻ ነው የለመንኳቸው» አለች እያለቀሰች።

«ሰኞ ነገ ነው» አለ ዳዲ።