ያልተጠጣው ጽዋ

ቄስ አምብሮዝ ቲሊ ሕዝቡን አቁርቦ እንዳበቃ መንበሩ ሥር ተዘርሮ ሞተ። የዊንቶርፕ መንደር ሴቶች እየተንሰቀሰቁ ሲከቡት ሽማግሌው ቄስ ላዮኔል ፕሪዌት ከወንበሩ ሳይነሳ ተመለከታቸው፤ በሬሳው እንኳ ቀና። ለእሱ ማን እንዲህ ያለቅስለታል? ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሕሊና ሲያስተምር ሕዝቡ እያንቀላፋ ነበር የሰማው። ይህ ትናንት የመጣ፣ የገዛ ተማሪው፣ ያንኑ ትምህርት በጨዋታ አዋዝቶ ሲያቀርበው ግን ቤተ ክርስቲያኑ መቆሚያ ጠፋበት። ቅናቱ እንደ ቃር ደረቱ ላይ ከርሟል።

«የገደላቸው የተርብ መግደያ መርዝ ነው» አለ ኢንስፔክተር ሄስኪት ከሰዓት በኋላ መጥቶ። «እርስዎ ቤት ይኖራል?»

«ፍሬውን ተርብ እንዳይበላበት፣ የፕለም ዛፍ የተከለ ሁሉ ቤት አለ። ለምን ፔልን አይጠይቁም?»

ኤሞስ ፔል የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ነው። ሕዝቡ ጠጥቶ የተረፈውን ወይን ቲሊ ጨለጠው፤ ከዚያ ፔል ጽዋው የሚለቀለቅበትን ውሃ ቀዳለት፤ እሱንም እንደ ደንቡ ጠጣ። ወዲያው ወደቀ። ፔልን ለመስቀል ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

«እርስዎስ ቆርበው ነበር?»

«አልቆረብኩም።»

«ዕድለኛ ነዎት» አለና ሄስኪት ባርኔጣውን አነሣ።

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ የሟቹን ሚስት፣ ፕሪዌትንና እጁ በካቴና የታሰረውን ፔልን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ከዚያ ጽዋ ሕዝቡ ሁሉ ጠጥቷል፤ ማንንም አላመመውም። ስለዚህ መርዙ የነበረው ማለቅለቂያው ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው የተቀመጠበት ክፍል የገቡት ደግሞ ሟቹ፣ ፔልና ቄስ ፕሪዌት ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ የቀዳው ፔል አይደል እንዴ!» አለች ሚስትየው።

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር፣ እመቤቴ። ፔል ግን ቆርቧል። ቄስ ፕሪዌት ሳይቆርቡ ለምን ቀሩ? ወይኑ ንጹሕ መሆኑን ገዳዩ ያውቃል። ብልጥ ቢሆን ከሰው እኩል ይጠጣ ነበር። ይህ ሰው የፈራው መርዙን አይደለም። የጸሎት መጽሐፋችሁ ቂም ወይም ቅናት የያዘው ወደዚህ ማዕድ አይቅረብ ይላል አይደል?»

ፕሪዌት እንደ መሳቅ አለ። «ይሄ ማስረጃ ሆኖ ነው?»

«አይደለም። ‹አሞኝ ነበር› ይበሉኝና ልሂድ። ፔል ይሰቀላል፤ እርስዎም በሚመጣው እሑድ እዚህ ቆመው ስለ ሕሊና ይሰብካሉ።»

ሁለት ቃል ብቻ ነው። ሕዝቡም መንበሩም ተመልሰው የእሱ ይሆናሉ። ፕሪዌት አፉን ከፈተ።

«አባቴ» አለ ፔል ቀድሞት፣ «ውሃውን ስቀዳላቸው ቄስ ቲሊ ወደ እርስዎ ወንበር እያዩ ‹ፕሪዌት ለመቁረብ አልመጡም፤ ሳላውቅ አስቀይሜያቸው ይሆናል። ከዚህ ስወጣ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ› አሉኝ። ከዚያ ጠጡት።»

ፕሪዌት ባዶውን መንበር ተመለከተ። ፊቱ በቅናት ቀላ፤ ከዚያ እንባው መጣ።

«በዚህም ቀደመኝ» አለ። «ፔልን ፍቱት።»